ሜትር ይዤ መኪና ልገዛ ሄድኩ

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ገብቼ ከቦርሳዬ ሜትር አወጣሁ። ደላላው ግራ ገባው። "እህቴ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሺና ስሚው እንጂ" አለኝ። እኔ ግን ቢሾፍቱ ላይ ዶሮ አረባለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን እንቁላል ወደ ከተማ እልካለሁ፣ በመልስ መኖ አስጭናለሁ። ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው የጭነቱን ቦታ ነው። ነጩ ደብል ጋቢና (ከኋላም ወንበር ያለው) ሃይሉክስ ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላው ስፖንዳ ድረስ ስለካው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሆነ። መኪናው ራሱ እኮ 5.3 ሜትር ይረዝማል!

የፊት ወንበር ብቻ ያለው የአባቴ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ከሁለት ሜትር በላይ መጫኛ ነበረው።

አባቴ ደጀን ላይ የእህል ነጋዴ ነበር። ያቺን ሃይሉክስ በ1989 ዓ.ም. ያገለገለች ገዛት፣ በ118 ሺህ ብር። አስር ኩንታል ጤፍ ይጭናል፣ ዓባይ በረሃን ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ቁልቁለቱ ብቻ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እኔንም ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ በእሱና በረዳቱ መሃል ተቀምጬ፣ ማርሹ በጉልበቶቼ መካከል። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ነበር የሚወርደው፤ ፍሬን የሚነካው የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ከነተሳቢው የሚንፏቀቅ ፊያት ከፊታችን ከገባ እሱን ለማለፍ ጉልበት አልነበረንም። ከኋላው እየተከተልን ጭሱን ስንውጥ እንወጣለን። የጋለ ናፍጣና የጤፍ ብናኝ የተቀላቀለበት ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ያ ሞተር 2,779 ሲሲ ነበር፤ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባው) የለውም፣ ጉልበቱ ወደ 90 የፈረስ ጉልበት ነው። ቅዳሜ ያየሁት 2,755 ሲሲ ነው። በመጠን እንዲያውም ትንሽ ያንሳል፣ ግን 204 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ተርቦ አለው፣ ናፍጣውንም በኮምፒውተር እየታዘዘ በከፍተኛ ግፊት ይረጫል። አባቴ ዓባይን በዚህ ቢወጣ ምን ይል ነበር እያልኩ ደጋግሜ አሰብኩ። በሌላ በኩል ያ የድሮው ሞተር ሲታመም መካኒኩ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ደግኖ "ጋሼ፣ ፖምፓው ነው" ይል ነበር፤ ዕቃው ከሶማሌ ተራ ይመጣል፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ነን። የአዲሱ ኢንጀክተር፣ ማለትም ናፍጣውን የሚረጨው ዕቃ፣ ቆሻሻ ናፍጣ አይችልም፤ ሲበላሽም መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ መፈለግ ነው።

ደኅንነቱን አልክድም። ኤርባግ አለው፣ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ኤቢኤስ ፍሬን አለው። እኔ ያን ሁሉ መንገድ ቀበቶ ሳላስር ነው የተመላለስኩት፤ ልጄን ግን እንደዚያ አላስቀምጣትም።

የሚያናድደኝ የጭነቱ ነገር ነው። ሁለቱም መኪኖች የሚሸከሙት አንድ ቶን አካባቢ ነው። እንቁላል ግን የሚያስቸግረው ክብደቱ ሳይሆን የሚይዘው ቦታ ነው፤ ትሪ በትሪ ላይ ከልክ በላይ ከተደረደረ የታችኛው ይሰበራል። ወደ ጎን መዘርጋት አለበት። አዲሱ ደግሞ ስፖንዳው ከፍ ብሎ ወለሉ ጠልቋል። ከጎን ቆሜ እጄን ብዘረጋ ወለሉን አልነካሁትም። ለመኖ ጫኚዎቹ አዘንኩላቸው፤ እያንዳንዱን ከረጢት በዚያ ላይ አሻግረው ሊያወርዱ ነው። ጋቢናው ውስጥ ግን አምስት ሰው ተመቻችቶ ይቀመጣል፣ ትልቅ ስክሪን አለ፣ ወንበሩ ቆዳ ነው። ፋብሪካው ሲንግል ጋቢናውን መሥራት አልተወም፤ እኔ በዞርኩባቸው ግቢዎች ሁሉ የቆመው ግን ደብል ጋቢና ነው።

ደላላው ለነጩ ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ጠራ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለወንበርና ለስክሪን እንደሚሄድ ሳስብ ሆዴ ተቃጠለ። አባቴ የእሱን በ2011 ሲሸጠው 620 ሺህ ብር አግኝቶበታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጤፍ ካመላለሰ በኋላ ከገዛበት አምስት እጥፍ ማለት ነው። ያኔ ጉድ ብለን ነበር። ከዚያ በ2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ መጣ። በ2016 ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ወርቅ ሆነ።

ግቢው ጥግ ላይ እንደ አባቴ መኪና ያለች አንዲት ሲንግል ጋቢና ቆማለች። ቀለሟ ለቋል፣ የግራ ስፖኪዮዋ በሽቦ ታስሯል። ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ። ለካኋት፤ ከሁለት ሜትር ትበልጣለች። ማርሹን ነካ ነካ አድርጌ መሃሉ ላይ ለአፍታ ተቀመጥኩ።

ቀብድ አልሰጠሁም። ረቡዕ መካኒኬን ይዤ እመለሳለሁ፤ ሻንሲዋን ዝገት በልቶት እንደሆነ ከሥር ገብቶ ያይልኛል።