ሰማያዊ ዴክ ከመሥራቴ በፊት ሰው ቢነግረኝ ኖሮ

ይህን የምጽፈው ከሁለት ዓመት በፊት ማጂክ ለሚባለው የካርታ ጨዋታ የመጀመሪያውን የመቆጣጠሪያ ዴኬን፣ ማለትም የሌሎችን ካርታ እያስቆምኩ የምጫወትበትን የካርታ ስብስብ፣ ስሠራ ማንም ያልነገረኝን ነገር ሌላው ሰው ሳይከፍልበት እንዲያገኘው ብዬ ነው። እኔ የተማርኩት በአንድ ሙሉ ምሽትና ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አልለቅ ባለኝ ብስጭት ነው።

ጨዋታው ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረውና ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ያቀረበው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ነው። እኛ በሐዋሳ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወተው ኮማንደር የሚባለውን ዓይነት ሲሆን፣ አራት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ በ40 ሕይወት ይጀምራል፣ ዴኩም ኮማንደሩን ጨምሮ ልክ 100 ካርታ ይይዛል። ማና የሚባለውን፣ ካርታ ለመጥራት የሚከፈለውን ኃይል ከሚሰጡት መሠረታዊ የመሬት ካርታዎች በስተቀር አንድ ካርታ ሁለት ጊዜ አይገባም። ኮማንደሩ ከዴኩ ውጭ በራሱ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቅ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ቢሞት ወደዚያው ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ ቦታ ደግሞ ወደ ጨዋታ በተጠራ ቁጥር ዋጋው በሁለት ማና ይጨምራል። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የደረሰብኝ ሁሉ ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነውና።

እኔ ለኮማንደርነት የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ታልራንድን ነው። በአራት ማና ይጠራል፣ ጉልበቱ 2 ጽናቱም 2 ነው፣ ኢንስታንት ወይም ሶርሰሪ (አንድ ጊዜ ሠርተው የሚወገዱ ካርታዎች፤ ኢንስታንት በሌላ ሰው ተራም ይጠራል) በተጫወትኩ ቁጥር ደግሞ ድሬክ የምትባል 2/2 የሆነች በራሪ ፍጡር በቶከን መልክ፣ ማለትም ከዴኩ ውጭ በምልክት ብቻ የምትወከል ሆና፣ ይሰጠኛል። የሰው ካርታ እንዳይሠራ የሚያስቆሙት መከልከያዎች ኢንስታንት ናቸውና፣ የሰውን ካርታ ስከለክል በዚያው ሠራዊት እየሠራሁ ነው ማለት ነው። ዴኩ በሙሉ ሰማያዊ ስለሆነ ውድ መሬት አይፈልግም፤ ሰማያዊ ማና የሚሰጠው መሠረታዊ መሬት፣ አይላንድ፣ ብቻ ይበቃዋል።

ካርታዎቹን ያገኘሁት በማሳተም ነው። የአንዱ ካርታ መጠን 63 በ88 ሚሊሜትር ስለሆነ በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ይገባል፤ 100 ካርታ 12 ወረቀት ፈጀ። ሁለት ጥቅል ተራ ካርታ ገዝቼ፣ የታተመውን ወረቀት ከፊት አድርጌ አንድ ላይ በላስቲክ ሽፋን ከተትኳቸው። ዕውቅና ባላቸው ውድድሮች የሚፈቀደው ዋናው ካርታ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው ግን የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ገንዘቡን ለሽፋኑ ያውለው፤ ሽፋኑ ጥሩ ካልሆነ ወረቀቱ በሁለት ሳምንት ጠርዙ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ 37 አይላንድ አስገባሁ። ሰማያዊ ብዙ ካርታ ስለሚስብ ወደ 33 ዝቅ አድርገው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው። የመከልከያ ካርታዎችን ግን 24 አደረግኩ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነበር። ሁሉን ነገር ከከለከልኩ ማን ያሸንፈኛል ብዬ አሰብኩ። አራት ሰው በሚጫወትበት ጠረጴዛ አንዱን ስከለክል እኔ አንድ ካርታ፣ እርሱም አንድ ካርታ እንደምንከስር፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ምንም ሳይጎድልባቸው እንደሚቀመጡ አላስተዋልኩም። ሒሳቡ በሁለት ሰው ጨዋታ ልክ ነው፤ በአራት ሰው ግን በከለከልኩ ቁጥር ከሁለቱ ኋላ እቀራለሁ።

ያ ምሽት አቶቴ አካባቢ በአንድ ጓደኛችን ቤት ነበር። በጠረጴዛው ላይ እኔ፣ በጥቁር ዴክ የሚጫወት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ጡረታ የወጣ መምህር፣ አረንጓዴ የኤልፍ ዴክ የያዘ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እንዲሁም የቤቱ ባለቤት ተቀምጠናል። ባለቤቱ ከሁላችንም ቀድሞ ጨዋታውን ስለተማረ ዳኛም እርሱ ነበር፤ በቀይና ነጭ ዴክ እየተጫወተ ይዳኛል። ያኔ ይህ ነገር ምንም አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ተራ ላይ ባለቤቱ ያወጣትን ማና የምትሰጥ ትንሽ ዕቃ በካውንተርስፔል ከለከልኩበት። ካውንተርስፔል ሁለት ሰማያዊ ማና ብቻ የሚያስከፍል፣ የሚጠራን ማንኛውንም ነገር የሚያስቆምና በዴኬ ውስጥ ካሉት መከልከያዎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ እኔ እርሱን ለአንዲት ዕቃ አዋልኩት። በአራተኛው ተራ አራቱንም መሬቶቼን ታፕ አድርጌ (ማናቸውን ለማውጣት አጋድሜ) ታልራንድን ጠራሁ። ጋሼ ዱም ብሌድ በተባለ ፍጡር የሚገድል ካርታ ገደሉት። መሬቴ ስድስት ሲሞላ በስድስት ማና ደግሜ ጠራሁት፤ በተከታዮቹ ተራዎችም ብሬይንስቶርምን በመሰሉ የአንድ ማና ካርታዎች አራት ድሬኮች አፈራሁ። እስከዚህ ድረስ የሄደው ሁሉ ደኅና ነበር።

ሰባተኛው መሬቴ እንደገባ ተማሪው ኤልፎቹን ሁሉ አሰልፎ አጠቃ። ያጠቃው ጋሼን ነበር። በእኔ ላይ አንድም ኤልፍ አልመጣም። እኔ ግን በእጄ ኢቫኩዌሽን ነበረኝ፤ በአምስት ማና በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፍጡራን ሁሉ ወደ ባለቤቶቻቸው እጅ ይመልሳል። ኤልፎቹ በአንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ሳይ እጄ ቀደመኝ፤ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የሚመታው እኔን ነው እኮ፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም በእያንዳንዷ እርምጃ ውስጥ አንድ ስሕተት አለ። ቶከን ወደ እጅ ሲመለስ እጅ ውስጥ አይቀመጥም፤ ይጠፋል። አራቱ ድሬኮቼ ጠፉ። ኢቫኩዌሽን ራሱ ኢንስታንት ስለሆነ ታልራንድ አምስተኛ ድሬክ ይሰጠኛል፣ እርሷ ትተርፍልኛለች ብዬ ነበር። ነገር ግን በታልራንድ ምክንያት የሚመጣው ውጤት በቁልሉ ላይ፣ ማለትም የተጠሩ ነገሮች ከላይ ጀምረው በሚፈጸሙበት ድርድር ላይ፣ ከካርታው በላይ ስለሚቀመጥ ቀድሞ ይፈጸማል፤ ድሬኳ ትወለዳለች፣ ወዲያው ኢቫኩዌሽን ይፈጸምና እርሷንም ይዟት ይሄዳል። ዳኛው ይህን በትክክል ፈረደ። ካርታውን ልመልሰው ብል ግን «አንድ ጊዜ ተጫወትክ፣ አለቀ» አለኝ፤ ያው ሰው ከግማሽ ሰዓት በፊት ተማሪው በስሕተት ያስቀመጠውን መሬት መልሶ እንዲያነሣ ፈቅዶለት ነበር። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሌላው ስሕተት ጊዜው ነበር። ተማሪው በማጥቃት ላይ ሳለ መሬቶቹ ሁሉ ያልተነኩ ነበሩ። ጥቃቱ ሲከሽፍበት ከጥቃቱ በኋላ ካርታ መጥራት በሚፈቀድበት በራሱ ተራ ሁለተኛ ምዕራፍ ውስጥ አምስት ኤልፎችን አንድ አንድ ማና እየከፈለ እዚያው አወጣቸው። ካርታዬን የተራው መጨረሻ ላይ፣ ማናውን በሌላ ነገር ከጨረሰ በኋላ ብጫወተው ኖሮ ባዶ ጠረጴዛ ይዞ ያድር ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የታልራንድ ነገር ነው። እርሱም ወደ እጄ ሊመለስ ነው፤ ላነሣው ስል ባለቤቱ እጁን ካርታው ላይ አደረገና «ወንድሜ፣ ኮማንደር እጅ አይገባም፤ ወደ ቦታው ነው የሚመለሰው» አለኝ። ጋሼ «እርግጠኛ ነህ?» ሲሉት «እርግጠኛ ነኝ» አለ። እኔም አመንኩትና ታልራንድን ወደ ኮማንደር ቦታው መለስኩት። ዋጋው ስምንት ሆነ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ስምንተኛው መሬት ገባልኝ፤ የሳብኩትም ካርታ ካንስል ነበር፤ በሦስት ማና የሚጠራን ማንኛውንም ካርታ ያስቆማል። ስምንቱንም መሬት ታፕ አድርጌ ታልራንድን ጠራሁ። ካንስል በእጄ እያለ አንድ ማና አልቀረኝም።

ተማሪው ዘጠነኛውን መሬት አስቀመጠ። በአንዱ ማና አንድ ኤልፍ ጨመረ፣ በስምንቱ ክሬተርሁፍ ቤሂሞዝን አወጣ። ክሬተርሁፍ ሲገባ ያወጣውን ሰው ፍጡራን ቁጥር ቆጥሮ ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ያህል ጉልበትና ጽናት ይጨምርላቸዋል፤ ከለላን ሰብሮ የማለፍ ችሎታም ይሰጣቸዋል። ፍጡራኑ ሰባት ነበሩ፤ ስለዚህ አንድ ጉልበት የነበረው ኤልፍ ስምንት ሆነ። አራቱን ወደ እኔ ላካቸው፤ 32 ማለት ነው። ታልራንድ አንዱን አግዶ ሁለት አስቀረልኝ፤ 30 ደረሰብኝ። ሕይወቴ 29 ነበር። አምስተኛው ኤልፍና ክሬተርሁፍ ራሱ 20 ይዘው ወደ ጋሼ ሄዱ።

ሌሎቹ ጨዋታውን እስኪጨርሱ አንድ ሰዓት ያህል ከጎን ተቀምጬ አየሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በሐይቁ ዳር በእግሬ እየሄድኩ ያንኑ ሒሳብ ደጋግሜ ሠራሁት። በማግስቱ ጠዋት የጨዋታውን ሙሉ የደንብ ሰነድ በስልኬ አውርጄ አነበብኩ። ደንብ 903.9 ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ኮማንደር ወደ እጅ ወይም ወደ ዴክ ሊመለስ ሲል የኮማንደሩ ባለቤት ከፈለገ ብቻ ወደ ኮማንደር ቦታ ያዛውረዋል። ከፈለገ ብቻ። ጭማሪው ደግሞ የሚከፈለው ከኮማንደር ቦታ ሲጠራ እንጂ ከእጅ ሲጠራ አይደለም። ታልራንድን በእጄ ብይዘው በአራት ማና ጠርቼው አራት መሬት ይተርፈኝ ነበር፤ በሦስቱ ክሬተርሁፍን በካንስል አስቆመዋለሁ፣ በዚያውም አንድ ድሬክ አገኛለሁ። ዳኛው ደንቡን ሳያነብ ስለፈረደ አዝኜበታለሁ፤ ከእርሱ ይልቅ ግን ስልኬ ኪሴ ውስጥ እያለ «እስቲ ደንቡን እናንብበው» ለማለት ባፈረው በራሴ እናደዳለሁ። ስለዚህ በጨዋታው ውስጥ ያለ ሰው በራሱ ጨዋታ ላይ መዳኘት የለበትም፤ ሌላ ሰው ከሌለ ደንቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሰው ይሰለቻል ብላችሁ አትተዉት።

ከዚያ በኋላ ዴኩን እንደ አዲስ ሠራሁት። መከልከያዎቹን ከ24 ወደ 13 አወረድኳቸው፤ በቦታቸው ሪስቲክ ስተዲን የመሰሉ ካርታ እንድስብ የሚያደርጉ ካርታዎች ገቡ። አሁን የምከለክለው ጨዋታውን የሚጨርስን፣ የእኔን ጠረጴዛ በሙሉ የሚጠርግንና እኔን ለይቶ የሚያስርን ነገር ብቻ ነው። የቀረውን ለጎረቤቶቼ እተወዋለሁ፤ ጋሼ የራሳቸው ዱም ብሌድ አላቸው፣ የሚያጠቃቸውን ሰው እኔ ልከላከልላቸው አይገባም። ኢቫኩዌሽንን አወጣሁት። ለታልራንድ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የገዛ ድሬኮቼን የሚያጠፋ ካርታ በድሬክ ለማሸነፍ በተሠራ ዴክ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። በእርሱ ፋንታ ሳይክሎኒክ ሪፍትን አስገባሁ፤ በሰባት ማና ሲጠራ የተቃዋሚዎቼን ካርታዎች ከመሬት በቀር ይመልሳል፣ የእኔን አይነካም።

ኮማንደሩ አራት ማና ስለሆነ በአራተኛው ተራ ጥራው የሚለውን ምክር ከሁሉም ሰው ትሰማላችሁ። እኔ አልቀበለውም። ታልራንድ የሚጠራው ስድስት መሬት ሲኖር ነው፤ አራቱ ለእርሱ፣ ሁለቱ አይላንዶች ሳይነኩ እንዲቀሩ። ሊገድሉት ሲመጡ የምትከለክሉበት ማና ከሌላችሁ አትጥሩት። ሁለት ተራ መዘግየቱ ያስጨንቃል፤ ሌሎቹ ጠረጴዛቸውን ሲሞሉ የእናንተ ባዶ ይሆናል፤ ቢሆንም ባዶ ጠረጴዛ የያዘን ሰው ቀድሞ የሚያጠቃ ብዙ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለማሸነፍ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ቀድማችሁ ቁጠሩ። የሦስት ተቃዋሚዎች ሕይወት 120 ነው፤ ሁለት ጉልበት ያላት ድሬክ 60 ጊዜ መምታት አለባት። ይህን ሳልቆጥር በመጀመሬ ብዙ ጨዋታዎች ሳይጠናቀቁ መብራት ሄዶብናል። አሁን ግራቪቴሽናል ሺፍት የምትባል የአምስት ማና ካርታ አለችኝ፤ ለሚበሩ ሁሉ ሁለት ጉልበት ትጨምራለች፣ ከማይበሩት ላይ ሁለት ትቀንሳለች። ድሬኮቼ አራት አራት ይመታሉ፣ አንድ ጉልበት ያለው ኤልፍ ደግሞ ምንም አይመታም።

ባለፈው ወር እነዚያው አራታችን በዚያው ጠረጴዛ ተቀመጥን። ተማሪው ስምንት መሬቱን ታፕ አድርጎ ክሬተርሁፍን ሲያወጣ እኔ ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ማንንም አልከለከልኩም ነበር፤ ሁለት አይላንዶች ቀጥ ብለው ነበር፤ በእጄም ካውንተርስፔል ነበረ። ካርታውን በዝግታ አስቀመጥኩት። ጋሼ «ይኸው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ያን ምሽት በድሬኮቼ አሸነፍኩ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባለቤቱ ያኔ የፈረደው ስሕተት መሆኑን እስከ ዛሬ በአፉ አልነገረኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም። በዚያው ምሽት ግን ሳይክሎኒክ ሪፍት ተጫውቼ የእርሱ ኮማንደር ሲመለስ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ካርታውን አንሥቶ በእጁ ከያዛቸው ካርታዎች መካከል ከተተው።