የሜሪላንድን ትምህርት ቤቶች በኤክሴል ሳወዳድር የተማርኩት

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚከራይም የሚገዛም ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቤት ከሚሸጥባቸው ድረ ገጾች ላይ ነው፣ ከአስር የሚሰጥ አንድ ነጥብ። ስምንት ከሆነ ደስ ይላል፣ ሦስት ከሆነ ሰፈሩ ይሰረዛል። የአክስቴ ልጅ ከነቤተሰቡ ከቴክሳስ ሊዛወር ሲል ይህንኑ ጠየቀኝ። ሴት ልጁ ስድስተኛ ክፍል ልትገባ ነው። በአንድ ቁጥር ብቻ የልጅ ነገር መወሰን ስላልተዋጠልኝ የስቴቱን ዳታ ራሴ አውርጄ ማወዳደር ጀመርኩ። ኤክሴል ትንሽ የሚነካካ ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል፣ ስለዚህ እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

ዳታው በነጻ ይገኛል። የስቴቱ ትምህርት መምሪያ «ሜሪላንድ ሪፖርት ካርድ» በሚባለው ድረ ገጹ የፈተና ውጤት፣ የተማሪ ብዛት፣ የመቅረት መጠንና ሌላም ብዙ ነገር ያወጣል። ሜሪላንድ 24 የትምህርት አስተዳደሮች አሏት፣ 23 ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ። መጠናቸው ግን አይገናኝም። ሞንትጎመሪ ወደ 160 ሺህ ተማሪ ሲኖረው ኬንት ካውንቲ 2 ሺህ እንኳ አይሞላም። ሰዎች «ሃዋርድ ይሻላል» «ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ) ይቅርብህ» ሲሉ ትሰማላችሁ፣ ግን ሞንትጎመሪ ውስጥ ብቻ ከ200 በላይ ትምህርት ቤት አለ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም በካውንቲና በካውንቲ መካከል ካለው አይተናነስም። የካውንቲ ደረጃ ያን ያህል አይጠቅምም። ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት ነው ማወዳደር።

ፋይሎቹን ስታገናኙ የትምህርት ቤቱን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ያው ቁጥር ሌላ ካውንቲም ውስጥ ይገኛል፣ ስለዚህ የካውንቲውን ቁጥር አብራችሁ አስገቡ። ሞንትጎመሪ 15፣ ፕሪንስ ጆርጅስ 16፣ የባልቲሞር ከተማ 30 ነው። ኤክሴል ከፊት ያለውን ዜሮ ስለሚበላው ዓምዱን ፋይሉን ስትከፍቱ ጽሑፍ አድርጉት።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ምልክቱ ነው። የልጆቹን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል ከአስር ተማሪ በታች የሆነ ቡድን ውጤቱ በኮከብ ምልክት ይሸፈናል። በጣም ዝቅ ያለው «5 ወይም ከዚያ በታች»፣ በጣም ከፍ ያለው «95 ወይም ከዚያ በላይ» ተብሎ ብቻ ይቀመጣል። ኮከቡን ዜሮ ካደረጋችሁት አንድ ደህና ትምህርት ቤት በከንቱ ወደ ታች ይወርዳል። ባዶ ይሁን፣ አትንኩት።

ፐርሰንትን ከፐርሰንት ደምሮ ለሁለት ማካፈልም አይሠራም። በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዱ ትምህርት ቤት 30 ልጅ አስፈትኖ 60 በመቶ አሳለፈ፣ ሌላው 300 አስፈትኖ 20 በመቶ አሳለፈ እንበል። አማካዩ 40 ይመስላል። ልጆቹን ስትቆጥሩ ግን ከ330 ያለፉት 78 ናቸው፣ 24 በመቶ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ትምህርት ቤት ላይ ደግሞ ክፍሉ 20 ልጅ ከሆነ የአንድ ልጅ ውጤት 5 ነጥብ ያንቀሳቅሳል። ዘንድሮ ወደቀ፣ አምና ተነሳ ከማለት የሦስት ዓመቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን። የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውሎ «የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ አየሁ፣ ትምህርት ቤቱ ወድቋል እኮ!» አለኝ። እውነት ነው፣ ቁጥሩ ያስደነግጣል። በ2023 በስቴቱ ሙሉ ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ላይ ብቁ የተባሉት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ግን እነማን ናቸው የተፈተኑት? ሜሪላንድ ውስጥ በሂሳብ ጠንከር ያሉት ልጆች በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል አልጀብራ 1 ይወስዳሉ፣ የሚፈተኑትም የአልጀብራውን ፈተና ነው። የስምንተኛ ክፍሉን ሂሳብ የሚፈተኑት የቀሩት ናቸው። ስለዚህ ብዙ ልጅ ወደ አልጀብራ የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ይበልጥ ደካማ ሊመስል ይችላል! ሃይስኩል ላይም ያው ነው፣ ጎበዞቹ አልጀብራውን ጨርሰው ስለመጡ እዚያ የሚፈተኑት ገና ያልወሰዱት ናቸው። መፍትሔው ሁለቱን ፈተናዎች አንድ ላይ ማየትና ከጠቅላላው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስንቱ አልጀብራ ላይ እንደደረሰ መጠየቅ ነው። እኔ በዚያ ስለካ የአክስቴ ልጅ «ወድቋል» ያለው ትምህርት ቤት ከሌሎቹ ሁለት ምርጫዎቹ አላነሰም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቁጥር ሳይ «ተቆጥረው ያሉት እነማን ናቸው?» ማለት ልማድ ሆነብኝ። አገሩ ከገቡ ገና ዓመት ያልሞላቸው እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ከንባብ ፈተናው ይቀራሉ፣ ሂሳቡን ግን ይፈተናሉ፣ ያውም አንዳንዶቹ በማያውቁት ቋንቋ። አዲስ የመጣ ልጅ የሚበዛበት፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ትምህርት ቤት በሂሳብ ዝቅ ቢል አስተማሪው ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። «እንግሊዝኛ ተማሪዎች» የሚለው ቡድንም ቋንቋውን የቻለ ልጅ ቀስ በቀስ እየወጣለት አዲስ የሚገባበት ስለሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ወላጆች ይህን ቁጥር ፈርተው ምዝገባ ላይ «ቤት ውስጥ አማርኛ አንናገርም» ሲሉ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ ልጁ የሚገባውን እርዳታ ነው የሚያጣው።

የእኛ ልጆች ለብቻቸው የሉም። በዘር ክፍፍሉ ውስጥ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣውም፣ እዚሁ የተወለደውም፣ ቅድመ አያቶቹ ሁሉ አሜሪካውያን የሆኑትም «ጥቁር» በሚለው አንድ ዓምድ ውስጥ ናቸው። ይህ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ስለ ሐበሻ ልጆች በእርግጠኝነት የሚነገር ነገር ከዚህ ዳታ ሊወጣ አይችልም።

ድህነትን በነጻ ምሳ በሚበሉ ልጆች መጠን መለካትም ተበላሽቷል። ብዙ የተቸገረ ቤተሰብ ባለበት ትምህርት ቤት አሁን ሁሉም ልጅ ያለ ፎርም በነጻ ይበላል፣ የባልቲሞር ከተማ ትምህርት ቤቶች ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ሥራ ግን የድሮውንና የአሁኑን ቁጥር አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም ማለት ነው፣ ስለዚህ የአንድ ዓመቱን ብቻ ወሰድኩ።

ማወዳደሩን የሠራሁት እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሚድል ስኩል (ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል) በመላው ስቴቱ ውስጥ በተማሪ ብዛት፣ በድህነትና በእንግሊዝኛ ተማሪዎች ድርሻ የሚመስሉትን ፈለግሁ። ከእነሱ ጋር ነው ያስተያየሁት። ሀብታም ሰፈር ካለ ትምህርት ቤት ጋር ማስተያየት የወላጆቹን ገቢ ከመለካት አያልፍም። ከዚያ ዕድገቱን አየሁ፣ ልጆቹ ከዓመት ዓመት ከመሰሎቻቸው አንጻር ስንት ርቀት ሄዱ የሚለውን። እኔ ትምህርት ቤትን የምመዝነው በዚህ ነው። ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች ከ2018 ጀምሮ ባወጣው የኮከብ ደረጃ ውስጥም ለአንደኛ ደረጃና ለሚድል ስኩል ዕድገት ከጥሬ ውጤት የበለጠ ነጥብ ተሰጥቶት ነበር። ማግኔት (ልጆች ተመርጠው የሚገቡበት ልዩ ፕሮግራም) ያለበት ትምህርት ቤት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ታኮማ ፓርክ ሚድል ስኩል የሂሳብና ሳይንስ፣ ኢስተርን ደግሞ የሂዩማኒቲስ ማግኔት አላቸው፣ ከሌላ ሰፈር ተመርጠው የሚመጡ ልጆችም ይማሩባቸዋል። አማካዩ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ልጃችሁ ማግኔቱ ውስጥ ካልገባች ያንን አማካይ ለእሷ አትቁጠሩት።

የተማሪ ብዛቱን መጀመሪያ ላይ እንደ ተጨማሪ ነገር ነበር የያዝኩት፣ ግን ብዙ ነገር ያስረዳል። የዓመቱ ቆጠራ ሴፕቴምበር 30 ላይ ነው፣ የስቴቱ ገንዘብም በእሱ ነው የሚታሰበው። በ2019 ከ900 ሺህ በላይ የነበረው የስቴቱ ተማሪ በኮቪድ ዓመት ወደ 880 ሺህ ገደማ ወረደ። ተማሪው ቀነሰ ማለት ወላጅ ሸሸ ማለት አይደለም። የወሊድ መቀነስ፣ የቤት ኪራይ መወደድ፣ የሰፈር ክልል መቀየር ሁሉ ያስቀንሰዋል። ለመለየት ጠቅላላውን ትታችሁ አንዱን ክፍል ተከተሉ። አምና ሦስተኛ ክፍል የነበሩት ዘንድሮ አራተኛ ላይ ስንት ሆኑ? እዚያ ላይ በየዓመቱ የሚጎድል ካለ ጠይቁ። የገቢና የወጪ ተማሪ ቁጥርም አለ። በዓመት መካከል ብዙ ልጅ የሚገባና የሚወጣበት ትምህርት ቤት አስተማሪው ከመሃል እንደገና ይጀምራል። ከመጠን በላይ የሞላ ከሆነ ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ የተደረደሩትን ፖርተብል (ተንቀሳቃሽ) ክፍሎች ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ሦስቱን ምርጫ ወደ ሁለት አወረድኩለት፣ ከዚያ በላይ ዳታው አይወስደኝም ነበር። የቀረውን ጥያቄ ትምህርት ቤቶቹን ነው የጠየቁት። ስድስተኛ ክፍል ስትገባ የሂሳብ ምደባዋን በምን ትወስናላችሁ? ከኋላ ብትጀምር ወደ አልጀብራ የሚወስድ መንገድ አለ ወይ? ከ180 ቀን ውስጥ 18 እና ከዚያ በላይ የሚቀሩ ልጆችን ምን ታደርጋላችሁ? ባለቤቱ በአማርኛ መጠየቅ ስለፈለገች አስተርጓሚ ጠየቁ። ሞንትጎመሪ ብዙ ሰነዶቹን በአማርኛ ያወጣል፣ ለስብሰባም አስተርጓሚ ያቀርባል፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አንዱ ትምህርት ቤት የሂሳብ ምደባውን በወረቀት አሳይቶ አስረዳቸው፣ እዚያ አስመዘገቧት።

ሰንጠረዡን በየዓመቱ አድሰዋለሁ። የፈተናው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ኦገስት መጨረሻ ላይ ይወጣል፣ የቀጣዩ ዓመት ምዝገባ ቁጥር ግን ዘግይቶ ስለሚመጣ ሁለቱን ከማገናኘታችሁ በፊት የትኛው ዓመት ላይ እንዳላችሁ አረጋግጡ።