የአጋዘን አደን በነቢያት ጾም

የሚስቴ ወንድም ፔንስልቬንያ ከገባ ጀምሮ ልቡ አጋዘን ላይ ነው። ማንንም ሳያማክር ሄደና ያገለገለ ሲሞኖቭ፣ ያን የድሮ የወታደር ሰሚ አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ ገዝቶ ከች አለ። «የአባባ ዓይነት እኮ ነው!» ይለኛል፣ ሰደፉን እየዳበሰ። ፔንስልቬንያ ውስጥ አጋዘን በሰሚ አውቶማቲክ፣ ማለትም ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ተኩሶ ራሱ በሚቀባበል ጠመንጃ፣ ማደን ክልክል ነው ስለው የቀለድኩበት መሰለው። የአደን ሕጉን አውጥቼ አሳየሁት። «ታዲያ ሰውዬው ሲሸጥልኝ ለምን አልነገረኝም?» አለ። ሰውዬው ምን ያድርግ፤ የሸጠለት ጠመንጃ ነው፣ አጋዘን አይደለም።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ከመጋዘን የወጣ ሲሞኖቭ ኮስሞሊን በሚባል ቡናማ ግሪስ ተለውሶ ነው የሚመጣው። የኛ ሰው ውጪውን ወልውሎ አብረቅርቆ «እንሂድ እንተኩስ» ይላል። ውስጡስ? የሲሞኖቭ መምቻ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንዲል ነው የተሠራው። ግሪስ ይዞት ወደፊት እንደወጣ ከቀረ፣ ቦልቱ (ጥይቱን አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋው ብረት) በተዘጋ ቁጥር ምላጭ ሳይነካ ጥይቱ ይፈነዳል። አንዳንዴ ካርታው ባዶ እስኪሆን አይቆምም። ስለዚህ ቦልቱ ይፈታል፣ መርፌው ይወጣል፣ ቤቱ እሳት በሌለበት ደጅ በላምባ ይታጠባል። ተገጣጥሞ ጆሮ ሥር ሲነቀነቅ መርፌው ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። እሱ ግን «ግሪስ በፈላ ውሃ ይለቃል» የሚል ሰምቶ ኖሮ፣ ሚስቱ ስትደርስ ቦልቱ ሽሮ ድስት ውስጥ እየተንተከተከ ነበር። ውሃው ግሪስ ማስለቀቁስ እውነት ነው። ድስቱ ግን ወደ ወጥ ሥራ አልተመለሰም።

ከዚያ ቤት ውስጥ ያለ ተኩስ ሜዳ ሄድን። በር ላይ ያለው ልጅ ማግኔት አውጥቶ ጥይቱን ነካ ሲያደርገው እጥብቅ! ርካሹ የሲሞኖቭ ጥይት (7.62 በ39 የሚባለው) ቀለሁም የእርሳሱ ልባስም ብረት አለበት፤ ብልጭታ ያወጣል፣ የኢላማውን ጀርባ ያበላሻል፤ ብዙ ቦታ አያስገቡትም። ርካሽ ነበር ማለት ይሻላል፤ አሜሪካ በ2021 ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ ከከለከለች ወዲህ ዋጋው የድሮው አይደለም።

በትንሽ ገንዘብ ሰሚ አውቶማቲክ ለሚፈልግ ሰው እኔ የምለው ሩገር 10/22 የሚባለውን፣ ትንሿን .22 ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃ ነው። ከ1964 ጀምሮ ስለሚሠራ ያገለገለውም መለዋወጫውም ሞልቷል፣ ካርታው 10 ጥይት ይይዛል፣ የ.22 ጥይት አንዱ 10 ሳንቲም ገደማ ነው። ለስኩዊረል (ዛፍ ላይ ለሚሮጠው ሽኮኮ መሳይ) አደንም ይፈቀዳል፤ ማን እንደሚበላው እንጃ። ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) የሚገዛ ለሪምፋየር፣ ማለትም እንደ .22 ቂጡ ጠርዝ ላይ ተመትቶ ለሚፈነዳ ጥይት፣ ተብሎ የተሠራውን ይያዝ። በ50 ያርድ የተስተካከለ .22 መቶ ያርድ ላይ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

ዘመዴ ሲሞኖቩን ሽጦ ይህንኑ ገዛና በማግስቱ ደወለ፦ «ተበላሸ! አንድ ተኩሶ ቀጥ ይላል!» ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ ሰብሶኒክ፣ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ ጸጥ ያለ ጥይት ነው የገዛው። የሩገሩን ቦልት ወደኋላ የሚገፋው የጥይቱ ጉልበት ነው፤ በሰከንድ 1,050 ጫማ የምትሄደው ብዙ ጊዜ አትበቃውም። ከ1,200 በላይ ያለውን ሲያጎርሰው እንደ ስፌት መኪና ሄደለት። ሌላም አለ፦ መጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ቦልቱ ክፍት ሆኖ አይቆምም። ቀጭ ካለ «አልቋል» ተብሎ አይታለፍም፤ ያልፈነዳ ጥይት ውስጡ ሊኖር ይችላል። አፈሙዙን ኢላማው ላይ እንዳደረጉ 30 ሰከንድ መጠበቅ፣ ካርታውን ማውጣት፣ ቦልቱን ስቦ ማየት፣ በጣትም መዳሰስ።

ለአጋዘኑ ያገለገለ፣ በእጅ የሚቀባበል ቦልት አክሽን አገኘንለት፤ የአዳኝ ትምህርቱንም ጨረሰ፣ ፈቃዱንም አወጣ። ቀኑን ሲያይ ግን ክው አለ። የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ (በኅዳር ከሚውለው የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ማለትም የነቢያት ጾም ከያዘ በኋላ ነው፤ የሚዘጋውም የገና በዓል ሳይደርስ።

«ፍሪዘር ውስጥ እናቆየዋለን» አላት ሚስቱን።

«ፍሪዘሩ ለገና በዓል በተገዛ ዶሮ ሞልቷል። ደግሞስ በስመ አብ ብሎ ያረደው ማን ነው?»

አሁን እኔን ቄስ ጠይቅልኝ ይለኛል።