መፍቻው ቀድሞ ይሰፋ

አብዛኛው ሰው በመኝታ ጨዋታ በስምምነት እጅና እግር ማሰርን በቤት ባለው ጨርቅ ይጀምረዋል፤ በስካርፍ፣ በነጠላ ወይም በመቀነት። ሦስቱም ለስላሳ ስለሆኑ ማንንም የማይጎዱ ይመስላሉ። ችግሩ ግን ልስላሴው ላይ አይደለም። ነጠላ ሲጎተት ስፋቱ ይሰበሰብና ገመድ ይሆናል፤ አሥር ጣት ይሸፍን የነበረው ጨርቅ በአንድ ጣት ስፋት ላይ ክብደቱን ሁሉ ይጥላል። የሳቲን ስካርፍ ደግሞ ይንሸራተትና ቋጠሮው እየጠበቀ ይሄዳል። ላብ የነካው የጥጥ ቋጠሮ በጥፍርም በጥርስም አይፈታም። መቀነት ከሦስቱ ይሻላል፣ ሰፊና ጥብቅ ሽመና ስለሆነ፤ ቢሆንም ቋጠሮው ያው ቋጠሮ ነው። ስለዚህ እኔ ቋጠሮን ከነጭራሹ አስወጥቼ፣ ከአፈታቱ ጀምሬ ወደ ኋላ ነው የሠራሁት፤ መጀመሪያ በአንድ እጅ እንዴት እንደሚፈታ፣ ከዚያ ምን ላይ እንደሚያያዝ፣ በመጨረሻ ጨርቁ ምን እንደሚሆን።

ለሁለት እጅና ለሁለት እግር ግማሽ ሜትር የውጭ ጨርቅ፣ ግማሽ ሜትር የውስጥ ጨርቅ፣ 5 ሳንቲ ስፋት ያለው ቬልክሮ 40 ሳንቲ፣ የቦርሳ ማንገቻ የሚሠራበት 2.5 ሳንቲ ስፋት ያለው ጠፍር 5 ሜትር፣ በዚያው ልክ የሆኑ አራት የፕላስቲክ የቦርሳ ክሊፖች ይበቃሉ። ጅማ ላይ ይህን ሁሉ ከአንድ ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። ጨርቁ ከጨርቅ ሻጭ፣ ቬልክሮው ከልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫ፣ ጠፍርና ክሊፑ ደግሞ ቦርሳ ከሚጠግኑት ዘንድ ይገኛል። ለውጭው ጠንከር ያለ ጥጥ ወይም ቴትሮን፣ ቆዳ ለሚነካው ውስጥ ከፋይ ወይም ፍላኔል መረጥኩ። ከፋዩን በእጅ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ አሽቶ መግዛት ነው፤ በጣት መዳበስ አያስተማምንም።

በመካከል የሚገባው ልባስ ላይ ጅማ የራሷን ሕግ ታወጣለች። መጀመሪያ የሚታሰበው ስስ ስፖንጅ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ በሚመላለስበት ከተማ ስፖንጅ አንዴ ከታጠበ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፤ ሽታ ይይዛል፣ ይሻግታል። አሮጌ ጋቢ ሁለት ድርብ አድርጎ ማስገባት ስፖንጅ የሚሰጠውን ምቾት ይሰጣል፣ በአንድ ቀን ተኩልም ይደርቃል። ጋቢው ግን መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ከተሰፋ በኋላ ከተኮማተረ ማሰሪያው ይጨማደድና ጭምድዱ ቆዳ ይቆነጥጣል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። የእጅ አንጓ ዙሪያው 17 ሳንቲ ከሆነ ለመደራረቢያ 10 ጨምሮ 27 ይሆናል። የተጠናቀቀው ስፋት 7 ሳንቲ፤ ከ5 በታች አልወርድም፣ ጠባብ ማሰሪያ ነርቭ ላይ ይቀመጣልና። ለስፌት በየጎኑ 1 ሳንቲ ሲጨመር የሚቆረጠው ጨርቅ 9 በ29 ነው። ለቁርጭምጭሚት ዙሪያውን ለክቶ በዚያው ሒሳብ መሄድ ነው፤ 24 ከሆነ 9 በ36 ይቆረጣል። የጋቢው ልባስ ግን የስፌት ትርፍ አይፈልግም፣ 7 በ27 ብቻ፤ ጠርዙ ላይ ከገባ መርፌ ይሰብራል።

ሁለቱ ጨርቆች ፊት ለፊት ተደርገው ከመሰፋታቸው በፊት ጠፍሩ በውጭው ጨርቅ ላይ መግባት አለበት። 10 ሳንቲ ጠፍር የክሊፑን ሴቴ ክፍል ይዞ ይታጠፍና በአምባሩ (እጅ ወይም እግር ላይ በሚዞረው ማሰሪያ) መካከል፣ ማለትም ሲታሰር ከቬልክሮው ትይዩ በሚውልበት ቦታ፣ በአራት ማዕዘን ስፌት ይሰፋል፤ በማዕዘኑም ውስጥ መስቀል ይደረግበታል። ቦታው ለጌጥ አይደለም። ቬልክሮ ወደ ጎን ሲጎተት ብርቱ ነው፣ ከጠርዙ ወደ ላይ ሲላጥ ግን በሁለት ጣት ይለቃል። ጉተታው ከትይዩ ከመጣ ማሰሪያው ይይዛል፤ የታሰረው ሰው በጥርሱ ወይም በሌላው እጁ ጠርዙን ከላጠው ደግሞ ወዲያው ይወጣል። ክሊፑ በስህተት ከመደራረቢያው አጠገብ ከተሰፋ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቬልክሮውን ይልጠዋል፣ ማሰሪያው በየሁለት ደቂቃው ይፈታል፤ ሰውም «ቬልክሮ አይረባም» ብሎ ወደ ገመድ ይሄዳል።

ሻካራው ቬልክሮ በአምባሩ ውጭ፣ ለስላሳው በሚደረበው ጫፍ ውስጥ ገጽ ይሰፋል። ይህ ከተገላበጠ በችኮላ የጠመመ ጫፍ ሻካራውን ቆዳ ላይ ያሳርፈዋል። ሻካራውን 6 ሳንቲ፣ ለስላሳውን 9 ሳንቲ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ያኔ ለስላሳው ሁልጊዜ ሸፍኖት ይቀራል፣ አንሶላም አይነጭም። የፔዳል ሲንጀር ይህን ሁሉ ይሰፋል፣ ጠፍሩ በተደራረበበት ቦታ ግን 16 ቁጥር መርፌ አድርጎ ጎማውን በእጅ ማዞር ይሻላል። ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚወስደው ሰው ልኬቱን በወረቀት ጽፎ ቢሰጥ ጥያቄ አይበዛበትም። የጠፍሩ ጫፍ እንዳይተረተር በላይተር ይለበለባል፤ የቀለጠው ናይለን ሲቀዘቅዝ እንደ ጠጠር ስለሚሆን ግን አንድ ጊዜ ታጥፎ መሰፋት አለበት።

ማያያዣው በአልጋው ራስጌ ላይ አይሁን። የጅማ አናጢ የሚፈለፍለው ራስጌ ያምራል፤ ቀጫጭን ዘንጎቹ ግን በኮላ የተያዙ ናቸው፣ ለጉተታ አልተሠሩም። ድምፁም ጎረቤት ያስነሳል። ጠፍሩን በፍራሹ ሥር አግድም ማሳለፍ ይሻላል፦ 120 ሳንቲ ስፋትና 20 ሳንቲ ውፍረት ላለው ፍራሽ 120፣ በሁለቱ ጎን 40፣ ለማስተካከያ 60፣ ድምሩ 220 ሳንቲ። አንድ ከትከሻ በላይ፣ አንድ ከእግር በኩል። በአራቱም ጫፍ የክሊፑ ወንዴ ክፍል በሚረዝምና በሚያጥር አደራረግ ይገባል። የፍራሹ ክብደትና የሰውየው ክብደት ራሱ ጠፍሩን ይይዘዋል።

ክሊፕ ሁሉ ክሊፕ አይደለም። ርካሹ ባዶውን ሲጫኑት ይከፈታል፣ ተጎትቶ ሳለ ግን ይነክሳል። ከመሰፋቱ በፊት ጠፍሩን ከጠንካራ ነገር ላይ አንጠልጥዬ ከታች ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ አስርበታለሁ፤ 20 ኪሎ ማለት ነው። እዚያው ተወጥሮ እንዳለ በአንድ እጅ ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ ከተከፈተ ይሰፋል። ሁለት እጅ ካስፈለገ ወይም አውራ ጣት ካሳመመ ለቦርሳ ይሁን። (እግርን ከጀሪካኑ ሥር ማራቅ ነው።)

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ስፌቱ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። እጁ የደነዘዘ ሰው «ምንም አይልም፣ ቀጥል» ይላል፤ ጨዋታውን ላለማበላሸት፣ ደካማ ላለመባል። ስለዚህ «እሺ ነሽ?» የሚል ጥያቄ ዋጋ የለውም፣ መልሱ ሁልጊዜ እሺ ነው። ሥራ የሚያሠራ ጥያቄ ይጠየቅ፦

«አውራ ጣትሽን ወደ ላይ አንሺ። ጣቶችሽን በትኚ። አሁን አውራ ጣትሽን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኚ።»

«ትንሽ ወረረኝ።»

«የቱ ጋ?»

«ከአውራ ጣቴ ጀርባ።»

እዚህ ላይ ጨዋታው ለጊዜው ቆሟል። ከአውራ ጣት ጀርባ የሚሰማ መውረር ማሰሪያው በአንጓው የአውራ ጣት በኩል ያለውን ነርቭ እየተጫነ መሆኑን ይናገራል፤ ወዲያው ይፈታል እንጂ ላላ ተደርጎ አይቀጠልም። ሦስቱ እንቅስቃሴዎች ወደ እጅ የሚሄዱትን ሦስት ዋና ነርቮች አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። ለእግር ጣቶቹን ወደ ራስ ማጠፍ ይበቃል፤ ይህ ካቃተ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ነው፣ ነርቩ እዚያ አጥንት ላይ ተጋልጦ ያልፋል። ለዚህ ነው ከጉልበት ሥርና ከክርን አጠገብ ምንም የማይታሰረው። አንገት ላይማ ጨርቅም፣ ጠፍርም፣ ምንም። የደም ዝውውሩን ለማየት ጥፍር ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ የነጣው በሁለት ሰከንድ ካልቀላ ጠብቋል። ሲታሰር በጨርቁና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት በምቾት ይግባ፤ እጅ ሲወጠር ልኬቱ ስለሚለወጥ ከተወጠረ በኋላ እንደገና ይሞከር።

ማቆሚያ ቃሉ «ተው» ወይም «በቃ» ሊሆን አይችልም። በአማርኛ «ተው እንጂ» ተብሎ የሚሳቅበት ጊዜ ከሚቆጡበት ይበልጣል። ከመኝታ ጋር የማይገናኝ ቃል ይያዝ፤ «ጀበና» ጥሩ ነው፣ ማንም በዚያ ሰዓት በስህተት አይለውም። «ብጫ» ማለት ቀስ በል፣ አስተካክል። «ጀበና» ከተባለ መጀመሪያ ይፈታል፣ ምክንያቱ በኋላ ይጠየቃል። የቁልፍ ጥቅል በእጅ ማስያዝም ይጠቅማል፤ ሲጣል ይሰማል፣ ሳይፈለግ ከወደቀም እጁ መደንዘዙን ይናገራል። ወለሉ ምንጣፍ ከሆነ ሳህን ይቀመጥበት።

ንግግሩ ቀድሞ፣ ልብስ ሳይወልቅ፣ ሁለቱም ንቁ ሳሉ ይሁን። ከመጠጥ በኋላ አይሆንም። ጅማ ላይ ደግሞ ጫትም አለ፤ ምርቃና ላይ የተሰጠ እሺታ እሺታ አይደለም፣ ጫት የደም ሥርን ስለሚያጠብና ልብን ስለሚያፈጥንም ለታሰረ እጅ አይመከርም። ስኳር ኖሮበት እጅ እግሩ የሚደነዝዝ፣ ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በግድ የመያዝ መጥፎ ትዝታ ያለበት ሰው ይህን ቢዘለው ይሻላል፤ ካልሆነም ማሰሪያው ከምንም ጋር ሳይያያዝ እጅ ላይ ብቻ ይሁን። ብዙዎች ያ ብቻ እንደሚበቃቸው የሚያውቁት ከሞከሩት በኋላ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ 15 ወይም 20። እጅ ከራስ በላይ ከሆነ ከዚያም ያነሰ፤ ከልብ በላይ የተሰቀለ ክንድ ቶሎ ይደነዝዛል። በጀርባ ማሰርና በደረት ማስተኛት ለጀማሪ አይደለም። የታሰረ ሰው ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አይተውም፤ የግቢው በር ቢንኳኳ መጀመሪያ ክሊፑ፣ ከዚያ በሩ።

ከአልጋው አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት፣ ሁለት ነገር ይቀመጣል። አንዱ የፋሻ መቀስ ነው፣ አንደኛው ጫፉ ድፍን የሆነው፤ የሕክምና ዕቃ መሸጫ አለው። በትርፍ ጠፍር ላይ አስቀድሞ ይሞከር፣ ሲያስፈልግም የሚቆረጠው ጠፍሩ እንጂ ቆዳ ላይ ያለው አምባር አይደለም። ሁለተኛው የእጅ ባትሪ ነው። መብራት የሚጠፋው ሳይጠራ ነውና ክሊፑን በጨለማ መዳበስ አያስፈልግም፤ ሻማ ግን አይለኮስ፣ ማምለጥ የማይችል ሰው ባለበት አልጋ አጠገብ እሳት አይቀመጥም። በዝናብ ሌሊት ከሰል አስገብቶ መስኮት መዝጋት ደግሞ ባልታሰረም ሰው ላይ የሚገድል ነው።

ሲፈታ አንድ እጅ በአንድ ጊዜ። ክንዱ ከላይ ከሆነ ክርኑን ደግፎ ቀስ እያሉ ማውረድ፣ ትከሻ በድንገት ሲመለስ ያማል። ከመቆም በፊት መቀመጥ፣ ውሃ፣ ጋቢ። ቀላ ያለ ምልክት ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። ጣት አልታዘዝ ካለ ወይም ድንዛዜው ከተፈታ በኋላ ቶሎ ካልለቀቀ ሕክምና መሄድ ነው፤ «እጄ በማሰሪያ ተጭኖ ነበር» የሚለው ለሐኪም በቂ ነው፣ ዝርዝሩን ማውራት ግድ አይደለም።

አምባሩ ሲታጠብ ቬልክሮው ተዘግቶ፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ በረኪና። ሻካራው ውስጥ የተሰገሰገው ብናኝ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል፤ መያዝ ያቃተው ቬልክሮ ብዙ ጊዜ ያረጀ ሳይሆን የቆሸሸ ነው። የጋራ ግቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው አምባሩን በሽቦ ላይ ማስጣት ወሬ ማስጣት ነው። በቤት ውስጥ በወንበር መደገፊያ ላይ፣ ከፋዩ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሰጣ። ሳይደርቅ መሳቢያ ከገባ በክረምት ሳምንት ሳይሞላው ነጭ ሻጋታ ያወጣል።