የብርድ ዕብራይስጥ፣ ድሬዳዋ ላይ ሆኖ

የእህቴ ልጆች የተወለዱት እስራኤል ነው። አማርኛ ይሰማሉ፤ መናገሩ ላይ ግን ዕብራይስጥ ይቀናቸዋል። ታኅሣሥ ሲገባ ወሬያቸው ሁሉ ብርድ ነው። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቬንትሌተር ከፍቼ ነው የማዳምጣቸው። ይህን ወሬ በራሳቸው ቋንቋ ላወራቸው ፈለግኩ።

የጀመርኩት ሰው ሲበርደው ከሚለው ነው። «ካር ሊ» በረደኝ ነው። ለሴት «ካር ላኽ?»፣ ለወንድ «ካር ለኻ?» ይባላል። በረደሽ? በረደህ? ብሎ ለለመደ ሰው ይሄ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ዞሮ «አኒ ካር» ያለ ግን ስሜተ ቀዝቃዛ ሰው ነኝ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ በአማርኛ አስባችሁ ተማሩት።

በረዶ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እኛ ሁሉንም በረዶ እንላለን፤ እነሱ ይለያሉ። በስሱ የሚወርደው ነጩ «ሼሌግ» ነው። ቆርቆሮ የሚደበድበው «ባራድ»፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረው ደግሞ «ኬራኽ»። ሲጥልም «ዮሬድ ሼሌግ» ይላሉ። ባራድ በረድ፣ ዮሬድ ደግሞ ወረደ ነው፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ ቶሎ ይያዛሉ።

ኢየሩሳሌም ከፍታዋ 800 ሜትር ገደማ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ከእኛ ዝቅ ብላ በረዶ የሚጥልባት ከምድር ወገብ ስለምትርቅ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የጣለው በረዶ መንገዶቿን ዘግቶ ነበር።

ቃላቱ የጸኑልኝ ግን ሲበርደኝ ነው። ሐረር በሄድኩ ቁጥር ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ አየሩ ይለወጣል። መስኮቱን ከፈት አድርጌ «ሩአኽ»፣ ነፋስ፣ እላለሁ። ቁልቢ ገብርኤል ለንግሥ ስናድርማ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። ጋቢዬን ተከናንቤ «አኒ ኮፌ»፣ ቀዘቀዝኩ፣ ደረቅኩ፣ ስል አነጋሁ። ያን ሌሊት ያልኩትን እስካሁን አልረሳሁም። ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ የብርድ ቃል መሸምደድ ትርፉ ድካም ነው።

አነባበቡን የምታርመኝ ትንሿ ናት። በዋትስአፕ ድምፅ እልክላታለሁ፤ «ኸ»ን ከጉሮሮ አውጣት ትለኛለች። ባለፈው ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል «ቲትላብሺ ኻም» አልኳት፤ የሚሞቅ ልበሺ። «ለብሻለሁ አጎቴ» ብላ በአማርኛ መለሰችልኝ። ካፖርቷንም አሳየችኝ፣ «መዒል» ይሉታል።

አሁን የዝናቡን ይዣለሁ። የመጀመሪያው ዝናብ «ዮሬ»፣ የመጨረሻው «ማልኮሽ» ይባላል።