ሽሮው ባያርር ኖሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። ይህን ለመናገር ተስዬ ነበር። ስለት ደግሞ ዕዳ ነው። ዓመታት አሳለፍኩ፣ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ።

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ፍልሰታ ላይ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ስምንት አባወራ ባለበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ባለቤቴ ሹፌር ነው። ያን ሰሞን ፊልድ ስለወጣ እኔና የስድስት ዓመት ልጄ ብቻችንን ነን። እኔ ፒያሳ አንድ ካፌ ካሸር ነበርኩ። ቤት የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ማን ሽንኩርት ይከትፋል? ኢንዶሚ እቀቅላለሁ፣ አለቀ። በጾም የቅመሟን ዱቄት እጥላትና በዘይትና በበርበሬ አሸዋለሁ፤ ማሸጊያው ላይ ዶሮ ተስሏላ! ዱቄቷ ጾም ታስገድፍ እንደሆነ የነፍስ አባቴን ልጠይቅ እልና አፍሬ እተወዋለሁ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ያን ዓመት እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። እናቴ ታማ ስትተኛ ያልተሳልኩበት ደብር የለም። መጋቢት ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አባታችን ሆይ ስደግም «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» የምትለውን እዘላት ነበር። ሆን ብዬ። «እናቴን ወስደህ ኢንዶሚ ሰጠኸኝ፤ ምን ብዬ ልለምንህ?» እለዋለሁ። እናቴ አዘጋጅታ የላከችልኝ የመጨረሻው ሽሮ በአንድ ጣሳ ነበር። ካለቀ እሷም የምታልቅብኝ ስለመሰለኝ አልነካውም።

የዚያን ማታ መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ልጄ ደግሞ «ኢንዶሚ አልፈልግም፤ የእማዬን ሽሮ ሥሪልኝ» አለ። እማዬ የሚላት አያቱን ነው። እምቢ ልለው ነበር። አልቻልኩም።

በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠልኩ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲያልቅ ምድጃውን ወደ ቤት አስገባሁት። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ጭስ ከሌለው ምን ይጎዳል? በሩን ቀረቀርኩ። የመስኮቱን ሽንቁር በጨርቅ ወተፍኩ። ሽንኩርቱን አቁላልቼ ሽሮውን በተንኩበት። ሲንተከተክ ቤቱ እናቴን እናቴን ሸተተ። ልጄ ጣቱን ላሰ። የተረፈው ላይ ለነገ ውሃ ጨመርኩበትና ፍሙ ላይ ተውኩት፣ ቤቱንም ያሞቅልናል ብዬ። 4 ሰዓት ላይ አባታችን ሆይ ደግሜ ተኛሁ። እንጀራዋን ዘልዬ።

ከዚያ የማስታውሰው ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ነው። ከጉድጓድ ውስጥ ሆኜ የምሰማው መሰለኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሽሮሽ አረረ! ሽሮሽ አረረ እኮ!» ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ይረር፣ አልኩ በልቤ። እንቅልፉ ጣፋጭ ነበር። እስከ ዛሬ የሚዘገንነኝ ይኼ ነው፤ ጣፋጭ ነበር። እማማ ግን አላቆሙም። ልጄን ልቀሰቅሰው እጄን ላክሁ። ነካሁት፣ አልተንቀሳቀሰም። ነቀነቅኩት፣ ራሱ ወደ ጎን ወደቀ።

ልጮህ ብል ድምፄ የለም። ልነሳ ብል እግሬ የሌላ ሰው ነው። ተንሸራትቼ መሬት ወደቅኩ። ከአልጋው እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው፤ ያን ሌሊት አንድ አገር ሆነብኝ። «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጣዩ ጠፋኝ። ከልጅነቴ የደገምኩት ጸሎት! የመጣችልኝ አንዷ ብቻ ናት፣ ወራት ሙሉ የዘለልኳት። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ። የዕለት እንጀራችንን። እሷን እያልኩ ዳኽኩ። መቀርቀሪያውን እንዴት እንደደረስኩበት አላውቅም። በሩ ሲከፈት ዝናቡ ፊቴን መታኝ።

እማማ ልጄን ጎትተው አወጡት። በዚያ ዕድሜያቸው! በፍልሰታ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተነስተው ይሰግዳሉ። ስግደት ላይ እያሉ ነው የሚያርር የሸተታቸው። «ሰይጣን ጸሎቴን ሊያስተወኝ ነው ብዬ ችላ ልለው ነበር» አሉኝ በኋላ። ችላ ያላሰኘዎት አምላክ ይመስገን፣ እማማ።

ግቢው ሁሉ ወጣ። አንዷ ወተት ይዛ መጣች። ላዳ የሚነዳው ጎረቤታችን «ወተቱን ተዪው፣ መጀመሪያ እንሂድ!» ብሎ ልጄን ከእጄ ነጠቀኝ። ዝናቡ እየገባብን መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ በረረ። ወንድሜ፣ የነዳጅ እንኳ አልተቀበልከኝም፤ እሱ ይክፈልህ።

ሆስፒታል ሁለታችንም ኦክስጅን ተደረገልን። ነርሷ ቆማ አስረዳችኝ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም እሱ አይጠፋም። ወተት አያወጣውም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት ቢገባ ደግሞ ሊያንቀው ይችላል። መድኃኒቱ ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው። ዳዊት «በጨለማ ከሚሄድ ክፉ ነገር» ያለው ትዝ አለኝ። በጨለማ ሲሄድብን ሽታ ያበደረው የእናቴ ሽሮ ነው። ኢንዶሚ ቀቅዬ በልተን ብንተኛና ከሰሉን ለሙቀት ብቻ ባስገባው ኖሮ፣ እማማ ምን ይሸታቸው ነበር?

ልጄ አልነቃም። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ የአፍንጫውን ጭምብል አያለሁ፤ ጉም ይላል፣ ይጠራል፣ ጉም ይላል። «እናቴን ወሰድክ። እሱን አልሰጥህም» አልኩት ፈጣሪዬን። ጸሎት ከተባለ ጸሎቴ ይኼ ነበር። አልቆጣኝም። ሊነጋጋ ሲል አጠገባችን ባለው አልጋ በሽተኛ የምታስታምም አንዲት እናት ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ምንም አላለችኝም።

12 ሰዓት አካባቢ ልጄ ዓይኑን ገለጠ። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና «ማሚ፣ ራበኝ» አለ።

እልል አልኩ። ሆስፒታል ውስጥ! ዘበኛው ሮጦ መጣ። ሐኪሙ ሲፈቅድ ያቺ እናት ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሽሮ ፍትፍት ነው፣ ቀዝቅዟል። ሦስት ጉርሻ አጎረሰችው፣ አራተኛውን ለእኔ። ስሟን ሳልጠይቃት ወጣሁ። እህቴ፣ ያስታመምሽው ሰው ድኖልሽ ይሆን?

ራስ ምታቱ ወራት ቆየብኝ፣ ከዚያ ተወኝ።

ግቢያችን በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ዕቃ ስንጭን ባለቤቴ ያችን ያረረች ድስት ሊጥላት ነበር፤ ከእጁ ነጠቅኩት። እኛ አሁን ሽሮሜዳ አካባቢ ነን። አሁንም አመሽቼ ስገባ ኢንዶሚ እቀቅላለሁ፤ ካሮትና ጎመን ጣል አደርግበታለሁ፣ ካልጾምን እንቁላል። ከመብላታችን በፊት አባታችን ሆይን የሚያስደግመን ልጄ ነው፣ ያቺ መስመር ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ያየኛል።

እማማ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። በየሳምንቱ ይደውላሉ። ደህና አመሸሽ ወይ የለም፣ ልጁስ የለም።

«ከሰሉ ውጭ ነው?»

«ውጭ ነው፣ እማማ።»