ባሕር ዳር ከተማ ላይ ድንክ ኤንጅልፊሽ ማጣመር፦ ትንሿ ትቅደም

ሁለት ኮራል ቢዩቲ (ከድንክ ኤንጅልፊሾች አንዷ የሆነች፣ ጨዋማ ውሃ ገንዳ ውስጥ የምትኖር ትንሽ የባሕር ዓሣ) ለመግዛት ብሩን ቆጥሮ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ከመሄዱ በፊት ይህን ያንብብልኝ። ሻጩ «ጨምራቸው ብቻ፣ ራሳቸው ይጣመራሉ» ይለዋል። እኔንም ያለኝ ይህንኑ ነው። ቤት ለነበረችው ዓሣ እኩያዋን ገዝቼ ጨመርኩ፤ አዲሷ በአምስተኛው ቀን ሞተች። አሁን ጥንድ አለኝ፣ በሁለተኛው ሙከራ የተገኘ። ያቺ ዓሣ ግን ያለ አስፈላጊ ምክንያት እንደሞተች ስለማውቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገንዳውን በአጭሩ ልናገር። 120 በ50 በ50 ሴንቲሜትር ነው፤ ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ስለሚይዙ የሚገባበት ውሃ 260 ሊትር አካባቢ ነው። ለአንድ ዓሣ ከዚህ ያነሰ ይበቃል፣ ለጥንድ ግን ከዚህ አትውረዱ። ውሃውን የሟሟ ነገር በሚያስቀረው በአርኦ ማጣሪያ አሳልፌ፣ የቀረውን የሚለካው የቲዲኤስ መለኪያ ዜሮ ሲያነብ ብቻ ጨው እጨምራለሁ። የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ መሰብሰብ ያጓጓል፤ ቆርቆሮው ግን በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ ደግሞ ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል። ለአንድ ሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም የባሕር ጨው ቅይጥ ይገባል፣ ሪፍራክቶሜትሩ፣ ማለትም የጨው መለኪያው፣ 1.025 ማንበብ አለበት። «ጨው ያው ጨው ነው» ብሎ የአፍዴራን ጨው የሚሞክር ሰው አይጠፋም። የወጥ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 1,300 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየምና 400 የሚሆን ካልሲየም አለው፤ ያንን ከገበያ ጨው አታገኙትም። በየሳምንቱ 26 ሊትር እቀይራለሁ፣ አንድ ኪሎ ገደማ ጨው ይፈጃል። በትነት የጎደለው የሚሞላው ግን በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃው ይተናል እንጂ ጨው አይተንም።

አንድ ነገር ላይ ከውጭ አገር መመሪያዎች ጋር አልስማማም። 26፣ 27 ዲግሪ ይላሉ። እነሱ የሚጽፉት ባሕር ጠረፍ ላይ ሆነው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ በጠረፍ ካለው ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 26 ዲግሪ ያለው የባሕር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 5.3 አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላላችሁ ደግሞ ይብስባችኋል። ስለዚህ እኔ 24.5 ላይ ነው የማቆመው፤ የፓምፑንም አፍ የውሃው ገጽ እንዲናጥ ወደ ላይ አቅንቼዋለሁ። ዓሣዎቹ ሌሊት ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ካያችሁ መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ኦክስጅኑን ጠርጥሩ።

መብራት ሲጠፋም ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪና ትንሽ ኢንቨርተር ይዛችሁ የሞገድ ፓምፑንና የአየር ፓምፑን ብቻ ካስነሳችሁ አንድ ሙሉ ቀን ያቆያችኋል። ሂተር አትሰኩበት፤ ባትሪውን ባጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። በታኅሣሥና በጥር ብርድ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ይበቃል። ሂተር ስትገዙ ባለ 300 ዋት አንድ ሳይሆን ባለ 150 ሁለት ግዙ፤ አንዱ ተበላሽቶ አልጠፋ ቢል ገንዳውን አይቀቅለውም።

አዲስ ገንዳ ውስጥ ዓሣ ከመግባቱ በፊት አሞኒያውና ናይትራይቱ (ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች) ዜሮ እስኪሆን 6 ሳምንት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላም ድንጋዩ አረንጓዴና ቡናማ አልጌ እስኪያበቅል 4 ወር ታገሡ፤ እነዚህ ዓሦች ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲለቅሙ የሚውሉ ናቸው፣ ራቁቱን በሆነ ድንጋይ ላይ ይከሳሉ። ኮራል ያላችሁ ደግሞ አንዳንዱ ኮራል ሊነከስ እንደሚችል አውቃችሁ ግቡ።

አዲስ ዓሣ በሽታ እንዳያስገባ የሚቆይበት ለብቻ ማቆያ ባለ 60 ሊትር ገንዳ ነው፣ ቆይታውም ከ30 ቀን ያነሰ አይሆንም። ድንክ ኤንጅሎች መዳብ አይስማማቸውም፤ የመዳብ መለኪያ በሌለበት ደግሞ መድኃኒቱን በግምት መጨመር መርዝ መስጠት ነው። ለነጭ ነጠብጣቡ በሽታ እኔ የምጠቀመው ጨው መቀነስን ነው፦ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 1.009 አውርዶ 4 ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ በአንድ ሳምንት ቀስ እያሉ መመለስ። ሪፍራክቶሜትሩ ካልተስተካከለ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ 1.011 ላይ ተውሳኩ ሊተርፍ ይችላል። ይህ ዘዴ ለቬልቬት፣ ማለትም ዓሣው ላይ ወርቃማ አቧራ የተነሰነሰ ለሚመስለው በሽታ፣ አይሠራም። ዋናው ገንዳ ውስጥም አይሞከርም፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ነፍሳት ሁሉ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ማጣመሩ።

ሴንትሮፓይጂ የሚባለው የድንክ ኤንጅሎች ወገን ከ30 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሁሉም በሴትነት ይጀምራሉ፤ በቡድኑ ውስጥ የበላይ የሆነችው ወደ ወንድነት ትለወጣለች። ሻጮች ይህን ግማሽ እውነት ይዘው ነው «ማንኛውም ሁለት ይጣመራል» የሚሉት። ሌላውን ግማሽ አይናገሩም፦ ለውጡ ሳምንታት ይወስዳል፣ የሚጀምረውም የበላይነቱ ያለ ጥርጥር ከታወቀ በኋላ ነው። ወንድ የሆነው ተመልሶ ሴት መሆን የሚችልባቸው ዝርያዎች ቢኖሩም፣ ያንን የሚያደርገው ተሸንፎ፣ ተገዝቶ፣ ጊዜ አግኝቶ ነው። ባሕር ውስጥ የተሸነፈው ዋኝቶ ይሄዳል። 120 ሴንቲሜትር ውስጥ ወዴት ይሄዳል?

የእኔ ነባር ዓሣ 4 ወር ገንዳውን ለብቻው ይዞት ነበር። ርዝመቱ 7 ሴንቲሜትር ደርሷል፤ የጀርባና የፊንጢጣ ክንፎቹ ጫፍ ሾሎ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊው መስመር ደምቆ ነበር፤ ወደ ወንድነት የሄደ መሆኑን ከዚያ ማንበብ ነበረብኝ። የገዛኋት ሁለተኛዋም 7 ሴንቲሜትር ናት። «እኩል ስለሆኑ አይበደሉም» ብዬ መረጥኳት። ከስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። እኩል ዓሦች ማን እንደሚገዛ በዓይን መወሰን ስለማይችሉ በጥርስ ይወስናሉ።

ከረጢቷን 15 ደቂቃ አንሳፍፌ፣ መብራት አጥፍቼ ለቀቅኳት። «በጨለማ ልቀቅ፣ አይጣሉም» የሚለው ምክር በየቦታው አለ። ለእነዚህ ዓሦች እኔ አልመክረውም። ሌሊት የሚያድሩት ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ እያንዳንዱ ጉድጓዱን ያውቃል። አዲሷ የትኛውንም አታውቅም፤ በጨለማ የገባችበት የነባሩ ሰፈር ሆኖ ያድራል፣ ሲነጋም ከበሩ ላይ ያገኛታል።

በመጀመሪያው ቀን ጎን ለጎን ቆመው ክንፋቸውን ወጥረው ተያዩ፤ ይህ የተለመደ ነው። በሁለተኛው ቀን የጅራቷ ክንፍ ተተልትሏል፣ ጎኗ ላይም ቅርፊት ጎድሏል። በሦስተኛው ቀን ማሳደዱ ቆመ። ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፦ ማሳደዱ የቆመው እሷ መንቀሳቀስ ስላቆመች ነበር። ከሂተሩ ጀርባ፣ የውሃው ገጽ አጠገብ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ተጣብቃ ነበር። እሱ በየጥቂት ደቂቃው እየመጣ አንዴ አለፍ ይልና ይመለሳል፤ አይነክሳትም፣ መንከስ አላስፈለገውም። ምግብ ስጥል አንገቷን እንኳ አላዞረችም። ጸጥታውን እንደ ሰላም መቁጠሬ ነው የገደላት። መታየት ያለበት ንክሻ ሳይሆን ማን ምግብ እንደሚበላና ማን እንደማይበላ ነው።

በአራተኛው ቀን ላወጣት ስሞክር ድንጋዩ አንድ ክምር ሆኖ ስለተሠራ ሳይፈርስ እጅ አያስገባም። በመረብ ሳባርር ቆይቼ በመጨረሻ ስይዛት፣ ጉንጯ ላይ ያለው እሾህ መረቡ ላይ ተሰካ። የኤንጅልፊሽ ሁሉ ምልክት ይሄ እሾህ ነው፤ ስለዚህ በመረብ አይያዙም፣ በኩባያ ወይም በሣጥን ነው። ስትላቀቅ ያው ሌላ ቁስል ሆነባት። በማግስቱ አልነቃችም።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርኩት ነባሩን በማውጣት ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ላይ ቆርጣችሁ፣ አፉን ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ መልሳችሁ ግጠሙት፤ የክዳኑን ቀዳዳ ዓሣው በሚያልፍበት ልክ አስፉት፣ ውስጡ ኖሪ ወይም ሌላ የባሕር አረም እሰሩ። ያለ ድንጋይ ማፍረስ፣ ያለ መረብ፣ ራሱ ይገባል። ከ3 ሳምንት በላይ ለብቻ ማቆያው ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት የተባለው ይዞታውን እንዲረሳ ነው፤ ለሦስት ቀን ማውጣት ምንም አይጠቅምም።

እሱ በሌለበት ድንጋዩን አፍርሼ፣ በመካከላቸው 25 ሴንቲሜትር ክፍተት ያለው ሁለት ክምር አድርጌ ሠራሁት። ከአንዱ ክምር ሥር የ32 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ቀበርኩ። 4.5 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላት ዓሣ ትገባበታለች፤ 7.5 የሆነው አካሉ ሰፊ ስለሆነ አይገባም። ከዚህ ሁሉ ሥራ እጅግ ርካሹም፣ ከሁሉ የጠቀመኝም ይሄ ቧንቧ ነው።

ከዚያ ትንሿን ገዛሁ፤ ልዩነታቸው ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ይሁን፣ 3 ከሆነ ደግሞ ይሻላል። ሻጩ ፊታችሁ ምግብ ይጣልላት፣ ካልበላች ጥላችሁ ውጡ። ከአዲስ አበባ ስታመጧት በአውሮፕላን ይሁን፤ በአውቶቡስ ከሆነ የአባይ በረሃ ሙቀት ከረጢቱን ያፈላዋል። ትንሿ ለብቻ ቆይታ ከጨረሰች በኋላ ዋናው ገንዳ ውስጥ ቀድማ ትግባ፣ ሁለት ሳምንት ብቻዋን ትኑር። ጉድጓዷን ትመርጥ፣ ቧንቧውን ታግኘው። (ነባሩ ለብቻ ማቆያው ውስጥ ካለ እሷን ለማቆየት ሌላ ዕቃ ያስፈልጋችኋል፤ ባለ 60 ሊትር የፕላስቲክ በርሚል ከነአየር ፓምፑ ይበቃል።)

ትልቁ የሚመለሰው በሣጥን ውስጥ ሆኖ ነው፦ 25 በ15 በ15 የሆነ፣ ዙሪያውን የተበሳ ግልጽ አክሪሊክ፣ ከገንዳው ግድግዳ ጋር የሚንጠለጠል። እኔ 8 ቀን አቆየሁት። ምግብ በቀን 3 ጊዜ፣ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ትናንሽ ፍጥረት) እና ስፒሩሊና (ደቃቅ አልጌ)፣ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የሣጥኑ ግድግዳ ጥግ ላይ። የተራበ ኤንጅል ይነክሳል፤ አንድ ቀን ምግብ ያጓደለ ሰው የስምንት ቀን ሥራውን ያጣል። መጀመሪያ ላይ ሳጥኑን በአፉ ይመታ ነበር። በአምስተኛው ቀን ተወ። በሰባተኛው ቀን ትንሿ መጥታ ክንፏን አጥፋ፣ ጎኗን ትንሽ ጋደል አድርጋ ቆመችለት። የምትጠብቁት ምልክት ያቺ መጋደል ናት፤ እጅ መስጠቷ ነው። እስክታዩት ድረስ 8 ቀንም ሆነ 15 ቀን ይቆይ እንጂ ሣጥኑን አትክፈቱ።

የከፈትኩት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፣ ከተመገቡ በኋላ፣ ሙሉ መብራት በርቶ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት በምውልበት ቀን። ማሳደድ ይኖራል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ አሳዶ ከተወ፣ እሷም ተሸሽጋ በጥቂት ደቂቃ ተመልሳ ከለቀመች ተዉአቸው። እስከ ማታ ካልበላች ወይም ክንፍ ከተተለተለ ወደ ሣጥን ተመላሹ ትልቁ ነው። ተበዳይዋን አውጥቶ በዳዩን ገንዳው ውስጥ መተው ገንዳው የእሱ መሆኑን ማጽደቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከተጣመሩ በኋላ የምታዩት አመሻሹ ላይ ነው። መብራቱ ሲደበዝዝ ወንዱ ክንፉን ሁሉ ወጥሮ ከበላይዋ ይንሳፈፋል፤ እሷ ቀስ እያለች ትከተለዋለች፣ እሱ ሆዷን በአፉ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ተወርውረው ይመለሳሉ። ዕንቁላሉ ወደ 0.7 ሚሊሜትር የሚሆን፣ መስታወት የመሰለ፣ የሚንሳፈፍ ነው፤ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ስኪመሩን፣ ማለትም ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ቀድማችሁ ካላጠፋችሁ ጠራርጎ ይወስደዋል። ጫጩቶቹን ማሳደግ ሌላ ሙያ ነው፤ ለዓሣ ጫጩት የሚሰጠው የተለመደው ደቃቅ እንስሳ፣ ሮቲፈር፣ እንኳ ለአፋቸው ይተልቃል፣ ኮፔፖድ የሚባለውን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ዕጭ ይፈልጋሉ። ሃዋይ ውስጥ የተሳካው በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ አልሞከርኩትም።

የሚደበዝዝ መብራት የሌላችሁ ዋናውን ስታጠፉ አንዲት ትንሽ አምፖል ከገንዳው ራቅ አድርጋችሁ ለ30 ደቂቃ አብሩ። እኔ ጋ መብራት ድንገት በሚጠፋባቸው ምሽቶች ወደ ላይ አይወጡም፤ ሁለቱም በቀጥታ ወደ ጉድጓዳቸው ይገባሉ፣ ትንሿ አሁንም ቧንቧዋ ውስጥ ነው የምታድረው።